ጤናና ሸሪዓ፦ የእስረኛዋ «እሺ»

  

አሮጌው ከርቸሌ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከቆመ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ «እስር ቤት» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቃሊቲ ነው። የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በ2004 ዓ.ም ክረምት ከታሰሩ በኋላ ደግሞ ስንቅ ቋጥሮ ወደ ቃሊቲ መመላለስ በየሰፈራችን የታወቀ ነገር ሆነ። የመጨረሻዎቹ በየካቲት 2010 ዓ.ም ተፈቱ፣ አልሐምዱሊላህ። ያን መንገድ የሚያውቁ ቤተሰቦች እስረኛ ሲታመም ቤተሰብ እንዴት እንደሚጨነቅ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

በዚህ ወር የምናነሳው ስለ ፍርድ አይደለም፣ ስለ ሕመም ነው። ነገሩን በምሳሌ እናቅርበው፤ ምሳሌ መሆኑንም አንባቢ ይያዝልን፣ ስለ አንዲት የምናውቃት ታራሚ እየጻፍን አይደለም። ቃሊቲ ያለች አንዲት እናት እንበል። ከመታሰሯ በፊት የእንቁልጢ ካንሰር ይዟት፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ኬሞቴራፒ ወስዳ በሽታው ጠፍቶላት ነበር። በእስር ላይ ሳለች ሆዷ ይነፋ፣ ሁለት ጉርሻ ሳትበላ ይሞላባት ጀመር። ተመረመረች፤ አገርሽቷል ተባለ። በዚህን ጊዜ አንድ ተመራማሪ መጥቶ «አዳዲስ መድኃኒቶችን አጣምረን እየሞከርን ነው፣ ልትገቢ ትፈቅጃለሽ?» ቢላት፣ የእሷ «እሺ» ምን ያህል እሺ ነው? ባሏና ወንድሞቿስ ምን ሊሏት ይገባል? ሸሪዓችንስ ምን ይላል?

ለመመለስ መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። እንቁልጢ ከማኅፀን ግራና ቀኝ ያለች፣ የሴቷን እንቁላል የምታዘጋጅ አካል ናት። የካንሰሯ ምልክት የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ስለሆነ ብዙዎች «ጨጓራ ነው» እያሉ ይቆያሉ። በዚህም የተነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሆድ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ከ324 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ እንደተያዙ፣ ወደ 207 ሺህ የሚጠጉ እንደሞቱ ተገምቷል። በአገራችን ከጡትና ከማኅፀን በር ካንሰር ያነሰ ቢሆንም፣ የካንሰር ሕክምና ለረጅም ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ተወስኖ በመኖሩ የያዛቸው ሴቶች ብዙ ተንከራተዋል።

ዘግይቶ የተገኘ ከሆነ፣ በሽታው በመጀመሪያው ሕክምና ቢጠፋም በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ያገረሻል። ሐኪሞች ሲያገረሽ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የመጨረሻው የፕላቲነም መድኃኒት ከተሰጣት ስንት ወር ሆነ? ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ያገረሸ ከሆነ እነዚያው መድኃኒቶች እንደገና ሊሠሩ ይችላሉ የሚል ተስፋ አለ። ከስድስት ወር በታች ከሆነ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዷል ይባላል፤ መንገዱም ይጠባል። ይህ የስድስት ወር ልኬት እንደ ድንበር ድንጋይ የጸና ባይሆንም ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲመሩበት ኖረዋል።

መድኃኒት ማጣመር ለምን? አማርኛችን የሳንባውንም በሽታ ካንሰሩንም «ነቀርሳ» ብሎ መጥራቱ ለሐኪሞች ግራ ቢሆንም ለእኛ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት መድኃኒት እንደሚሰጥ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ በሽተኞቹ ይሻላቸውና ከጥቂት ወራት በኋላ ጀርሙ ያን አንድ መድኃኒት ለምዶ ይነሣባቸዋል። ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመር አንዱን ያመለጠው በሌላው ይያዛል። በካንሰርም ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ካንሰር ከውጭ የገባ ጀርም ሳይሆን የራሳችን አካል ሥርዓት ጥሶ መብዛቱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ጤነኛውንም ይነካል፤ ሁለት መድኃኒት ማለት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጉዳትም ነው።

የፕላቲነም መድኃኒት የተገኘው በአላህ ፈቃድ በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ የአሜሪካ ሳይንቲስት ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲሞክር፣ ባክቴሪያው መከፋፈሉን አቆመ። ያቆመው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከሽቦው የሟሟው ፕላቲነም ነበር። ከዚያ ሲስፕላቲን፣ ቀጥሎም የሚሻለው ካርቦፕላቲን መጡ። ከአንድ ዛፍ ልጥ የወጣው ፓክሊታክሴል ደግሞ በአሜሪካ ለዚሁ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1992 ተፈቀደ።

እነዚህን ማጣመር ላገረሸባት ሴት ይጠቅም እንደሆነ የታወቀው በሙከራ ነው። አይኮን-4 በተባለው ሙከራ፣ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ያገረሸባቸው 802 የአውሮፓ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን የፕላቲነም ሕክምና፣ ሁለተኛው ፕላቲነምን ከፓክሊታክሴል ጋር ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመጀመሪያው ወገን 50 በመቶ፣ ጥምሩን ከወሰዱት 57 በመቶ ሆኑ። ከመቶ ሴቶች ሰባት ማለት ነው። ሰባት እናቶች ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን ዋጋ ነበረው፦ የእጅና የእግር መደንዘዝና ሌላ የነርቭ ጉዳት ጥምሩን ከወሰዱት ከመቶ በሃያዎቹ ላይ ሲታይ፣ በሌላው ወገን ከመቶ በአንዷ ላይ ብቻ ታየ።

ሁሉም ጥምረት እንዲህ አልሠራም። ኦሬሊያ በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ሙከራ፣ በሽታቸው ፕላቲነምን የለመደባቸው 361 ሴቶች ገብተው ነበር። ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ከኬሞቴራፒው ጋር ሲጨመር በሽታው እንደገና እስኪገፋ ያለው ጊዜ ከ3.4 ወደ 6.7 ወር ረዘመ፤ ዕድሜን ማራዘሙ ግን በሚያስተማምን መጠን አልታየም። ሦስት ወር ያህል በሽታው ሳይገፋ ማሳለፍ ታላቅ ጸጋ ነው፤ «ፈውስ ተገኘ» ብሎ ማስወራት ግን ሌላ ነገር ነው። በመጽሔትም በሬዲዮም ይህ ሲቀላቀል እናያለንና ቤተሰብ ሲሰማ «ከምን ያህል ወደ ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቅ።

የጥምር መድኃኒት ሙከራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መድኃኒት ለለመደ የሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረውን ወደ ሃያ ወር የሚጠጋ ሕክምና ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ማሳጠር ይቻል እንደሆነ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት አጭሩ በ78.8 በመቶ፣ ረጅሙ በ79.8 በመቶ ሕሙማን ላይ ጥሩ ውጤት አስገኘ፤ እኩል ነው ለማለት የሚያበቃ ነበር። እንጦጦ ላይ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከቦታዎቹ አንዱ ነበር። እንግዲህ የወገኖቻችን ፈቃደኝነት ለሌላው ዓለም በሽተኛ ጠቅሟል። ስለዚህ «ሙከራ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ብቻ መሸሽ ልክ አይመስለንም። ከዚህ ላይ ነው የእስር ቤቱ ጉዳይ የሚመጣው።

እስረኛ ለተመራማሪ ምቹ ነው። አይጠፋም፣ ምግቡና እንቅልፉ ይታወቃል፣ በየቀጠሮው ይገኛል። በዚህ ምክንያት አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኢሊኖይ ግዛት በስቴትቪል እስር ቤት እስረኞችን በወባ እያስያዙ መድኃኒት ሞከሩባቸው፤ ከተሳተፉት መካከልም የእስር ጊዜ የተቀነሰላቸው ነበሩ። በፊላደልፊያ ሆልምስበርግ እስር ቤት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1974 ድረስ፣ እዚያ ከታሰሩት ብዙዎቹ ጥቁሮች በሆኑበት፣ የቆዳ መድኃኒትና ኬሚካል ለጥቂት ዶላር ይሞከርባቸው ነበር። በካንሰር ጉዳይ የባሰውን ያደረገው ቼስተር ሳውዛም የተባለ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በኦሃዮ እስር ቤት ጤነኛ እስረኞችን ሕይወት ያለው የካንሰር ሕዋስ በክንዳቸው ወጋቸው። እስረኞቹ ፈቃደኞች ነን ብለው ነበር። ፈቃደኛ ማለት በዚያ አጥር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። የአሜሪካ መንግሥት በእስረኛ ላይ የሚደረግን ምርምር በጥብቅ የገደበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

የእኛ ዑለማእ በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በዙልቀዕዳ 1412 ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992፣ ጅዳ ላይ ባካሄደው ሰባተኛ ጉባኤው ስለ ሕክምና ውሳኔ አሳልፏል። ይህ ውሳኔ በአገራችን በሚገባው መጠን አልተነበበም ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ፍሬ ነገሩን በራሳችን አነጋገር እናቅርብ።

ሙሉ አእምሮ ያለው አዋቂ ሰው ለመታከም ፈቃዱ ይጠየቃል። የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን ግን የሕዝቡ ኃላፊ እንዲታከም ሊያስገድደው ይችላል። እንግዲህ አንድ ታራሚ ክፍሉን የሚጋሩትን ሊያሲዝ የሚችል የሳንባ ነቀርሳ ይዞት «አልታከምም» ቢል፣ ይህ ክፍል ይመለከተዋል። ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ በዚህ በር ሊገባ አይችልም። ምርምር ሲሆን ደግሞ ውሳኔው ይጠብቃል። ፈቃዱ ሙሉ ችሎታ ካለው ሰው የተገኘ፣ ከማስገደድም ከገንዘብ ማባበልም ጥርጣሬ የጸዳ፣ ጉዳት የማያስከትል መሆን አለበት። ለማስገደድ ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው እስረኞችን፣ ለማባበል ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው ድሆችን ነው። ችሎታቸው ባልተሟላ ሰዎች ላይ ደግሞ ወሊያቸው ቢፈቅድም ምርምር አይደረግም ይላል።

ይህ ከፊቅህ መሠረት የራቀ አይደለም። ተገዶ የሸጠ ሰው ሽያጩ በአብዛኞቹ ፉቀሃእ ዘንድ አይጸናም። አንድ በግ የሸጠው ሰው ፈቃድ ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ የራሷን ገላ ለሙከራ የምትሰጥ እናት ፈቃድ ምን ያህል ሊጠበቅ ይገባዋል? የእስረኛ ማስገደድ ደግሞ ዱላ ማንሳት ብቻ አይደለም። «እሺ ካልኩ ለቤተሰብ ጥየቃ ሰዓት ይጨመርልኛል፣ ንጹሕ አልጋ አገኛለሁ፣ ስሜ ለይቅርታ ይቀርብልኛል» ብላ ከገመተች፣ ማንም ምንም ሳይላት ተገዳለች። «እምቢ ካልኩ ጥቁር አንበሳ የሚወስደኝ አጃቢ አላገኝም» ብላ ከፈራችም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «እንግዲያውስ እስረኛ ከሙከራ ፈጽሞ ይራቅ፣ ጉዳዩም ይዘጋ» ይላሉ። ከሐሳቡ ንጽሕና አንጻር እናከብረዋለን፤ ግን ለዚያች እናት ምን እንደሚተርፋት ማሰብ አለብን። ውሳኔው ራሱ ስለ ተስፋ ሲናገር ትልቅ ነገር ይዟል፦ አንድ ሕመም ተስፋ የለውም የሚባለው በየዘመኑና በየቦታው ባለው የሕክምና አቅም፣ በበሽተኛውም ሁኔታ ነው። ቃሊቲ ሆና ያገረሸባት ሴት ከአጥሩ ውጭ ሆና ቢያገረሽባት ኖሮ የምታገኘው ሕክምና ካለ፣ ተስፋዋን የቆረጠው በሽታው ሳይሆን አጥሩ ነው። እስረኛን ከበዝባዥ ለመጠበቅ የተደነገገው ቃል እስረኛን ለመርሳት ሰበብ ሊሆን አይገባም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ይህን ለይቶ አስቀምጧል። የእስረኛን ጤና የሚጎዳ ሙከራ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እስረኛው በነጻ ፈቃዱ፣ ነገሩ በሚገባ ተነግሮት፣ በሕግ መሠረት፣ በውጭ ላለውም ሰው ክፍት የሆነ ሙከራ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ለራሱ ጤና ቀጥተኛና ጉልህ ጥቅም ይሰጣል ተብሎ ሲጠበቅ ነው። ይኸው ደንብ እስረኛ በውጭ ያለው ሰው የሚያገኘውን ያህል ሕክምና ያለ ልዩነት ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። እኛ ሙፍቲ አይደለንም። በዚህ ዝርዝር ላይ የሚወስኑት ዑለማእ ናቸው፣ ወላሁ አዕለም። ግን የጅዳው ውሳኔ የጠላው የማስገደድን ጥርጣሬ ነውና፣ ጥርጣሬው በእርግጥ የሚወገድበት መንገድ ካለ በሩን ፈጽሞ የዘጋ አይመስለን።

ለምሳሌያችን እናት ይህ በተግባር ምን ይሆናል? ከሁሉ በፊት ሙከራ ሳይሆን የተረጋገጠው ሕክምና ይድረሳት። በሽታዋ ከስድስት ወር በኋላ ያገረሸ ከሆነ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ከሃያ ዓመት በፊት የተፈተኑ ናቸው፤ ያንን ሳይሰጧት «አዲሱን ሞክሪ» ማለት ማስገደድ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጥምሩ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል። አጃቢ ታጥቶ ወይም መኪና ተበላሽቶ ቀኑ ቢያልፍ የሕክምናው ነገር ይበላሻል። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ፣ ኬሞቴራፒ የደም ነጭ ሕዋስን ስለሚቀንስ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ማን ይሰማታል? ማን ከፍቶ ይወስዳታል? ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ለማረሚያ ቤቱ ጤና ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቹና ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋልና፣ ሐኪሟን ማነጋገር ልመና አይደለም።

ስለ ዐውራዋም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ እህቶች አፍረው የሚተዉት ነው። በሴት ሐኪም ልታይ ብትጠይቅ፣ የሚቻል ሲሆን ሊፈጸምላት ይገባል፤ በምርመራው ጊዜ ጠባቂ መቆም ግድ ከሆነም ሴት ጠባቂ ትሁን የሚለው እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው የባንኮክ ደንብ የተጻፈ ነው። ይህንን መጠየቅ ሸሪዓዊ መብቷ ብቻ ሳይሆን ዓለም የተቀበለው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሙከራ ከቀረበላት፣ ጥያቄውን የሚያቀርብላት ጠባቂ ወይም የማረሚያ ቤት ሹም መሆን የለበትም። ስምምነቱን ስትሰማ ከቤተሰቧ አንድ የምታምነው ሰው አጠገቧ ይቀመጥ፤ በምትናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በስልጥኛ፣ ይነገራት። ሙከራው በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቷል ወይ? የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታል ወይ? በጥቁር አንበሳ ያለች ያልታሰረች ሴትም ይሰጣታል ወይ? የታሰሩትን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ እምቢ ለማለት ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። በማንኛውም ቀን «ተውኩ» ብትል የቀድሞ ሕክምናዋ ይቀጥልላታል ወይ? የይቅርታ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ይሁን። ታራሚዋ ራሷ፣ ባሏ ወይም የቅርብ ዘመዷ ሕመሟን ጠቅሰው ይቅርታ ሊጠይቁላት ይችላሉ፤ ያ ማመልከቻና የሙከራው ስምምነት ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲፈረሙ አትፍቀዱ።

ደግሞም መፈታት አለ፣ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት መዛወርም አለ። በሦስተኛው ዙር ላይ ሳለች ብትዛወር መድኃኒቱን ማን ያደርሳታል? ይህ ከመፈረሟ በፊት በጽሑፍ ይመለስ። ቤተሰብም ሆስፒታሉን ሳይጠብቅ አንድ ደብተር ቢይዝ መልካም ነው፦ የተሰጣት መድኃኒት ስም፣ የዙሩ ቁጥር፣ ቀኑ፤ ከሁሉም በላይ የመጨረሻው ፕላቲነም የተሰጣት ቀን። ፋይሏ በቃሊቲና በጥቁር አንበሳ መካከል ቢጠፋ፣ አዲሱ ሐኪም ስድስቱን ወር የሚቆጥረው ከዚያ ደብተር ነው።